ሌላኛው ዓይን

ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ለልጄ አዲስ የሥዕል መጽሐፍ ስከፍትላት የቀለሙ ሽታ ወዳደግሁባት መንደር፣ ድብ ባሕር ወሰደኝ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። እንዲሁ የሚሸት አዲስ መጽሐፍ መምህሬ ለአንድ ቀን አዋሰችኝ። አባቴ እጁን ታጥቦ ተቀበለኝ። ልጇን ያቀፈች ሴት ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሴትዮዋ በጎን ስለተሳለች የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉዎች በአንድ ዓይን ነው የሚሳሉት።

«ምነው፣ ሌላው ዓይኗ የት ሄደ?»

«በወዲያ በኩል ነው፣ አባየ።»

ገጹን ገልብጦ አየ። ከጀርባው ያለው ዶሮ ነው፤ እሱም ባለ አንድ ዓይን።

«ግማሽ ፊቱን የሚያሳይሽ ሰው፣ ሌላውን ግማሽ ለማን እንደሚያሳይ አይታወቅም። ይቺ እቤቴ አታድርም!» ብሎ መጽሐፉን ደጅ አወጣው።

ዝናብ እንዳይመታው ፈርቼ ተከትዬው ወጣሁና የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ በከሰል ሁለተኛ ዓይን ሣልሁላት። አባቴ አተኩሮ አያት።

«አሁን ትግባ» አለ።

በማግስቱ መምህሬ የተቆጣችኝ ቁጣ ዛሬም አይረሳኝም።

በልጄ መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይም በጎን የተሳለች ሴት አለች።

«እማየ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ ልጄ።

ለካ ገጹን ገልብጬ ጀርባውን እያየሁ ኖሯል።