በሩ የሰፋላት ላንድሮቨር

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁ ዕለት ገና አልነጋም ነበር። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የዶሮ ቅርጫትና የበርበሬ ጆንያ ሲጫን፣ እኔ በተዋስኩት ኮት ውስጥ እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ ሹም ቆሜአለሁ። ኮቱ የጎረቤታችን ነው። «ስትመለስ ትመልሰዋለህ» ብሎ ነው የሰጠኝ፤ ይኸው ኮቱም አልተመለሰ፣ እኔም አልተመለስኩ። አባቴ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በአንድ እጃቸው የእኔን ክንድ ይዘው፣ «እንግዲህ መኪናውን ተምረህ ና። ከዚህ ጉልበት ገላግለኝ» አሉኝ።

አባቴን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ዲማ ገዳም በእግር ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው፤ መምህራቸውም የተቀበሩት እዚያው ዲማ ነው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ እንኳ ስለማይችሉ፣ «የመምህሬን መቃብር ሳልሳለም ልሞት ነው» እያሉ ይተክዛሉ። እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ፈተና አልፌ ጀርመን አገር የመኪና ጥገና እንድማር ተመረጥኩ። በእሳቸው ሐሳብ ነገሩ ያለቀለት ነው። ልጁ ይሄዳል፣ መኪና ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው ዲማ ይደርሳሉ።

ከደጀን ቁልቁል ዓባይን ስንወርድ ፍሬኑ ይሸታል፣ ሾፌሩ ያንጎራጉራል፣ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግማለሁ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ምንም አልመሰለኝም።

ሃምቡርግ ስደርስ «እኔ የጮቄ ተራራ ሰው ነኝ፣ ብርድ አታሳዩኝ» እያልኩ ነው የወረድኩት። አይ እኔ። የጮቄ ብርድ ጠዋት ያንቀጠቅጥህና ፀሐይ ስትወጣ ይቅር ይልሃል፤ የዚህ አገር ብርድ ይቅርታ አያውቅም። ምግቡ ድንች ነው። ድንች እኛም አገር ሞልቷል፣ ግን እኛ ሌላው ሲጠፋ ነው የምንበላው፤ እነሱ ድንችን በድንች ያባያሉ። ሰላምታቸው «ሞይን» ናት፣ በቃ፣ አለቀ። የእኛ ሰው ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የጎረቤቱን ልጅ ጤና ጠይቆ ሳይጨርስ እነሱ ሥራ ውለው ይገባሉ።

ትምህርቱስ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ቋንቋ መማር ነበረብኝ። ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጡት ባየሁ ጊዜ «ይህማ የእኛው ነገር ነው» ብዬ ተዝናናሁ። ተዝናንቼ ወደቅሁ። ደግሜ ተፈተንኩ፣ ደግሜ ወደቅሁ። በትሕትና አመስግነው አሰናበቱኝ። በምን ዓይኔ ልመለስ? አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ ድስቱ እኔን ያህላል። ለአባቴ ግን «ትምህርቱ ደኅና ነው» እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ።

የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ሹሙ በመነጽሩ ላይ አየኝ።

«ለምን መጣህ?»

«መኪና ጥገና ልማር።»

«ተማርክ?»

«አልተማርኩም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«ድስት አጥባለሁ።»

«አገርህ ድስት የለም?»

«ሞልቷል። እዚያ ግን ሁሉም ያውቀኛል።»

ማኅተሙን መታልኝ። ገብቶታል መሰለኝ።

ቤት ያከራየችኝ ፍራው ክሩገር፣ በእኛ ወይዘሮ ክሩገር፣ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ምስማር ብመታ ግድግዳው አመመው የምትል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ውሃ ባፈስ በር የምታንኳኳ ሴት። አንድ እሑድ ግን ካርቶን ይዛ መጣች። «ባሌ ሳይጀምረው ነው የሞተው። አንተ ሥራው፤ አለዚያ እጥለዋለሁ» አለችኝ። ካርቶኑ ላይ የላንድሮቨር ሥዕል አለ። ስከፍተው የመኪናዋ አካል ሁሉ ተበታትኖ፣ ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ በርበሬ ዛላ ተንጠልጥሏል። መሪዋ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች። ተገጣጥማ ስታልቅ ከመዳፌ እምብዛም አትተርፍም። እዚህ አገር ሽበታም ሰዎች፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ሥራ ውለው ገብተው ይህን በሙጫ ይገጣጥማሉ፤ ቀለም ቀብተውም በመስታወት ቁም ሣጥን ይደረድራሉ። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ማታውኑ ግን ሙጫውን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

እኔ የጋራዥ ሰው፣ እውነተኛ ሞተር ያወረድኩ ሰው፣ በዚች ፕላስቲክ መከራዬን አየሁ። ሙጫው ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ የአውራ ጣቴ አሻራ በሯ ላይ ታትሞ ቀረ። ሙጫ አብዝቼ አራቱም ጎማዎች ዘንጋቸው ላይ ተጣበቁና አልዞር አሉ። አረንጓዴ ቀባኋት። ግን እንዲያ አጊጣ ሳያት የእኛን አገር መኪና አልመስል አለችኝ። ከፍራው ክሩገር የአበባ ማሰሮ አፈር ሰርቄ፣ በሙጫ አቡክቼ፣ ጎኗን የክረምት ጭቃ ለቀለቅኋት። ከአሮጌ ካልሲ ጆንያ ሰፍቼ ጣሪያዋ ላይ ጫንኩባት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ደጀን የቆምኩ መሰለኝ።

ፍራው ክሩገር የባሏ ጓደኞች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የትንንሽ መኪና ዓመታዊ ትርዒት ሲያደርጉ ይዛኝ ሄደች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ መቶ የሚያብረቀርቁ መኪናዎች፣ መሐላቸው የእኔ ጭቃ በጭቃ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ አጉሊ መነጽር ይዞ ጎንበስ አለ።

«መኪና እንዲህ አይጨቀይም» አለኝ።

«ክረምት ደጀን ቁምና ታየዋለህ።»

«ጎማዎቹስ ለምን አይዞሩም?»

«ጭቃው ይዟቸው ነው።»

ሽልማት አላገኘሁም። ስሜ ግን በወረቀት ተጽፎ ከመኪናዋ ፊት ቆሞ ነበር፤ ከመጣሁ ጀምሮ ስሜ ከድስት ሌላ ነገር አጠገብ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። በኩራት ሰከርኩ። በማግስቱ መኪናዋን የጓሮው አጥር ግንብ ላይ አስቀመጥኳትና እኔ ራቅ ብዬ በዚያ ኮት ቆምኩ፤ ፍራው ክሩገር ካሜራዋን መኪናዋ ሥር አስጠግታ አነሳችን። ፎቶው ሲታጠብ መኪናዋ እውነተኛ መኪና አክላ፣ እጄን ጣሪያዋ ላይ አሳርፌ የቆምኩ እመስላለሁ። ከጀርባው «አባባ፣ ይቺን ላንድሮቨር በገዛ እጄ ሠራኋት» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። እስኪ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? መጠኗን ብቻ ነው ያልጻፍኩት። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ነው ያልጻፍኩት።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፣ በአባቴ ጥርት ያለ የቁም ጽሕፈት። «ልጄ ሆይ፣ ፎቶግራፉን ሰው ሁሉ አየልኝ። በራችን ለመኪና ስለማይበቃ አጥሩን አፍርሼ አሰፋሁት። ወይራው መግቢያውን ስለያዘ ተቆረጠ። ጸበል የሚረጩልን ቄስም ተነግሯቸዋል። ለዲማ ሰዎችም መልእክት ልኬባቸዋለሁ፤ መንገዱ እስከሚያደርሰን በመኪናው፣ ከዚያ በቃሬዛም ቢሆን።»

ወይራው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ወይራ ጥላ ሥር ነው። እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ነው። የካልሲ ጆንያ ለጫነች መኪና አስቆረጥኩት።

ለፍራው ክሩገር እየተረጎምኩ አነበብኩላት። በሩ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች። የወይራውን ነገር ሳስረዳት ግን ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው።

«እውነቱን ጻፍላቸው» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«መጻፍ ካቃተህ መኪናዋን ላክ። ያዩዋታል።»

የድስቱንም፣ የፈተናውንም ነገር በአንድ ገጽ ጻፍኩ። የምደውልበትንም ቀን ጨመርኩ። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

«ምን አለበት?» አለኝ ሠራተኛው።

«ላንድሮቨር።»

ጥቅሉን በእጁ መዘን መዘን አደረገና ሚዛን ላይ አኖረው። «ሦስት መቶ ግራም» አለ።

«አዎ፣ አባቴ ግን ይህን አያውቁም።»

ቀኑ ደረሰ። አባቴ ደብረ ማርቆስ ቴሌ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እኔ እዚህ የስልክ ሣጥን ውስጥ ቆሜ ያልበኛል። የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃ ነው። መስመሩ ተገናኘ።

«እንደምን ከረምክ ልጄ» አሉ፤ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለያዙ ጀርመን ድረስ በራሳቸው ድምፅ ሊያሰሙኝ ይጮኻሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን ከረሙ?»

«ጤናህ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነኝ። ጉልበትዎስ?»

«ይመስገነው። ያከራየችህ ሴትዮ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ላሚቱስ?»

«ወልዳለች። ብርዱስ? እህሉስ ይስማማሃል?»

እንግዲህ የጎጃም ሰው ነን፤ አባት ሲጠይቅ ማን ያቋርጣል? ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ጎረቤቱን አዳርሰን ስንጨርስ ስልከኛዋ ገባችና «አንድ ደቂቃ ቀርቷል» አለች።

«አባባ፣ ጥቅሉ ደረሰዎ?»

«ደረሰ።»

«ደብዳቤውንስ አነበቡት?»

«አነበብኩት። በሰፊው በር በመዳፌ ይዤ አስገባኋት። ቄሱም መጥተው ነበር፣ ጸበሏን ረጩላት። ጎማዋ አይዞርም።»

«ሰው ሳቀብዎ?»

«ሳቀ እንጂ። እኔም ሳቅሁ። ጭቃዋን ግን ደግ አድርገህ ሠርተኸዋል።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ዲማንም፣ ወይራውንም…»

«ዲማ የትም አይሄድ። ወይራውም ከጉቶው አቆጥቁጧል።» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ስልክ መጮህ እንደማያሻው ያን ጊዜ የገባቸው ይመስላል። «በሩን መልሰን እናጥብበው ይሉኛል፣ እንቢ ብያለሁ። አንተም ብትሆን በእግርህ ና፣ መኪና አልፈልግም። ቡቃያው አድጎ በሩን ሳይዘጋው ና።»

ስልከኛዋ ጊዜው ማለቁን ነገረችን፣ መስመሩም ተቋረጠ። «እመጣለሁ» ያልኩት በተዘጋ ስልክ ነው።