መሬት የተንቀጠቀጠች ለት የወረደችው ልጅ

አም መድቡሊ («አጎት መድቡሊ» እንደማለት ነው) በካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ፋይል ሲያቅፍ ያረጀ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ዜማ አለው፤ ያንን እያንጎራጎረ ሄዶ ፋይሉን ካለበት መደርደሪያ ይመዛል፤ ሲያልቅም በዚያው ዜማ ይመልሰዋል። ለፍቺ እንጉርጉሮ፣ ለወሰን ክስ ደግሞ የሠርግ ዘፈን።

«ለወሰን ሠርግን ምን አመጣው?» አልኩት አንዴ፤ እኔ የቢሮው ጸሐፊ ነኝ።

«ሁለቱም ቦታ ዘመድ ይጣላል» አለኝ።

አለቃችን ጠበቃዋ ኡስታዛ ነርሚን ማስረጃ የሚያደራጅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮምፒውተሯ ላይ ያስጫነች ቀን፣ አም መድቡሊ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«ያንጎራጉራል?»

«አያንጎራጉርም፣ አም መድቡሊ» አለችው ነርሚን።

«ታዲያ በምን ያስታውሳል ምስኪን?»

የማሽኑ የመጀመሪያ ሥራ የልብስ ሰፊዋ የሲት (የወይዘሮ) ደውለት ጉዳይ ሆነ። የሕንፃው ባለቤት ከቤቷ ሊያስወጣት ከሷል፦ «እናቷ ስትሞት ደውለት ጣንጣ ከተማ ባሏ ቤት ነበረች፤ የእናቷ ኪራይ አይተላለፍላትም» ይላል። ከእናቷ ጋር ትኖር እንደነበር ካላስረዳች ቤቱ ይሄዳል። ነርሚን የአሥራ ዘጠኝ ጎረቤቶችን የድምፅ መልእክት ሰብስባ ለማሽኑ አጎረሰችው። ቀጠሮው ለነገ ነበር።

ሲት ደውለት ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ ነርሚን ውጤቱን አነበበች፦ «ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ነዋሪዎች በድንጋጤ ሸሽተዋል። ለኑሮ አስጊ ነው፤ መልቀቅ ይመከራል።»

ሲት ደውለት ሻርፗን አስተካከለች። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ራስሽ ገዝተሽው ነው ወይስ የሕንፃው ባለቤት በስጦታ ላከልሽ?»

ነርሚን ጭንቅላቷን ያዘች። አም መድቡሊ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ አሥራ ዘጠኙንም ድምፅ ሰማ። ማንጎራጎሩን ሲያቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኡስታዛ» አለ በመጨረሻ፣ «እነዚህ ሰዎች ስለ ግድግዳ መቼ አወሩ? እኛ ሰፈር የቀን መቁጠሪያ ማን ያያል! ልጅ የተወለደው ከዚያ ከዛሬ ሠላሳ ዓመቱ መንቀጥቀጥ በፊት ነው፣ ፍሪጅ የተገዛው ከመንቀጥቀጡ በኋላ ነው። እናትዬዋ ያረፈችው በቀጣዩ ክረምት ነው። በይ ንገሪው፤ መንቀጥቀጡ ሰዓታችን ነው፣ በሱ ይደርድር።»

ነገረችው። ማሽኑም ይሉኝታ የለውም፣ ወዲያው ታረመ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ሁለት ዓመት፦ ደውለት እናቷ ቤት ሆና ለሰፈሩ ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለች። በዕለቱ፦ የሰፈሩ ልብስ ተኳሽ ካውያውን እንደያዘ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ደውለት እናቷን አዝላ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ ስትወርድ ያያል። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ደግሞ የሞሎኪያ ወጥ ድስቷን አቅፋ ወርዳለች፤ «እናቷን ለእኔ ሰጥታኝ ወደሚወዛወዘው ቤት ተመለሰች፤ የእናቷን ሰው ሠራሽ ጥርስ ልታመጣ!» ትላለች። ከመንቀጥቀጡ በኋላ፦ እናቷ እስክታርፍ ድረስ ደውለት ከዚያ ቤት አልተለየችም።

በማግስቱ ልብስ ተኳሹና ጎረቤቷ ችሎት ቀርበው ያንኑ መሰከሩ። የሕንፃው ባለቤት ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ለጥየቃ መጥታ ቢሆንስ?»

ዳኛው ወደ ሲት ደውለት ዞሩ። «ጥርሱ የት ነበር?»

«ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ፣ እጀታው በተሰበረው ኩባያ ውስጥ፣ ጌታዬ። እናቴ ጎረቤት እንዳያይባት ትደብቀው ነበር።»

«እንግዳ ይህንን አያውቅም» አሉ ዳኛው። ቀና ብለውም፣ «እኔ ያን ቀን ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነበርኩ፤ በግማሽ ጢም ነው የሮጥኩት» አሉ። ጠበቃውም ሳያስበው፣ «እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ እግዜር ከሂሳብ አወጣኝ» ብሎ ችሎቱን አሳቀው።

ውሳኔው በቀጣዩ ቀጠሮ ተነበበ፤ ቤቱ የሲት ደውለት ሆኖ ይቀጥላል። ከኋላ ወንበር የአም መድቡሊ የተሰነጠቀ ድምፅ ተነሣ፦

ምድር ብትናወጥ፣ ቢንገዳገድ ግንቡ፣
እናቱን ያዘለ አይከዳው ወገቡ።

«ጸጥታ!» አለ የችሎቱ ፖሊስ።

«ተወው ልጄ» አለች ሲት ደውለት ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፣ «ፋይሌን ወደ ቦታው እየመለሰ ነው።»