ዛሬ ከተማው የማን ነው?

ጅቡቲ ከተማ ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት ባለቤቶች ከሰሜን ሶርያ የመጡ ኩርዶች ነበሩ። ባልየው ዶራሌ ወደብ ክሬን ይጠግናል፤ ማዳም ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የምንግባባው በአረብኛ ነው። የማዳም እናት ግን ቱርክ ድንበር አጠገብ ባለችው ከተማቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። ኑ ሲባሉ «ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?» ይላሉ።

ማዳም ጠዋት ጠዋት ስትደውል ከሰላምታ ቀድማ «ዛሬ ከተማው የማን ነው?» ትላለች። መልሱን ለእኔም ትተረጉምልኛለች።

መጀመሪያ ከተማው የኩርድ ተዋጊዎች ነበር፤ አሜሪካኖች ከጎናቸው ሆነው። ከዚያ አሜሪካኖቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከድንበሩ ወጡ። ወዲያው ቱርክ ያስታጠቀቻቸው ሰዎች ተጠጉ። ኩርዶቹ ቸገራቸውና ሲፎካከሩት ከኖሩት ከሶርያ መንግሥት ጋር ተስማሙ፤ በእናትየው በር የመንግሥቱ አጋር የሩሲያ ወታደሮች መኪና ማለፍ ጀመረ።

እኔ ዞረብኝ። «ታዲያ አሁን ጠላት ማነው?»

ማዳም ክር በጥርሷ እየበጠሰች ሳቀች። «እስከ ምሳ ታገሺኝ፣ እሱም ይቀየር ይሆናል።»

አንድ ጠዋት ግን ስልኩ አልተነሳም። በማግስቱም እንዲሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ፤ እኔም ስልኩን ስጠብቅ ዋልኩ። የማላውቃቸው ሴትዮ ናቸው፤ ግን በየጠዋቱ ወሬያቸውን ስሰማ ዘመድ ሆነውብኛል።

ከዚያ ከኢራቅ በኩል ተደወለ። እሳቸው ናቸው! ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥተው ወጥተዋል። ማዳም እያለቀሰች ትስቃለች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«በየኬላው ሌላ ባንዲራ፣ ሌላ ወታደር ነበር አሉ። ለሁሉም ‹አላህ ለእናቶቻችሁ ያብቃችሁ› እያሉ ነው ያለፉት። አንዱ ኬላ ላይ ሻይ ሁሉ ጋብዘዋቸዋል።»

ወረቀታቸው እስኪያልቅ ኢራቅ ቆዩና መጡ። በዚያ ሙቀት የሱፍ ካፖርት ለብሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲወጡ ሦስታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። ካፖርቱን ስቀበላቸው ኪሱ ደበርጃን በሚባል የደረቀ አትክልት ተሞልቷል፤ ውስጡ ሩዝና ሥጋ ጠቅጥቀው የሚቀቅሉት ነው።

በማግስቱ ወጥ ቤቱን ያዙ። እሳቸው ኩርድኛ፣ እኔ አማርኛ፤ አንዳችን የሌላችንን ሳንሰማ ስናወራ እንውላለን። ማዳም ከስፌቷ ቀና ብላ «ምን እያላችሁ ነው?» ስትል፣ ሁለታችንም በየቋንቋችን እንመልስላታለን። የመጀመሪያዋ አማርኛቸው ወጥ ስቀምስ ለራሴ ስል ሰምተው የያዟት «ጨው ጨምሪ» ናት። እስካሁንም እኔን ሲጠሩኝ «ጨው ጨምሪ!» ነው የሚሉት፤ ስሜ መስሏቸዋል። እኔም አቤት እላለሁ።