ዳንቴል የለበሰው ኤሲ

ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ፣ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ያለው መንገድ ተቆፈረ። ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተባለ። ድንጋዩ በየጥጉ ተከመረ፤ ነጣፊዎቹ ግን ቶሎ አልመጡም። ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ ይነሣና በአጥሩ ላይ አልፎ ግቢያችን ይገባል። የተሰጣ ልብስ ይቀላል፤ የበረንዳው ወንበር ይቀላል፤ የእናቴ ነጭ ነጠላ ዝገት የነካው ይመስላል።

አባቴና እናቴ እኔ ዘንድ የመጡት አቧራው ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብላ በጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን በመሪጌታነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሳንባቸው ሲደክም ከሐኪም እንዳይርቁ ብዬ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝና ሳያለባብስ ነገረኝ። በሽታው የሚድን አይደለም፤ የሚቻለው ማቆየት ነው።

"ሁለት ነገር አርቅላቸው፤ አቧራና ሙቀት" አለኝ።

ችግሩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማራቅ አለመቻሉ ነበር። መስኮት ብንከፍት አቧራው ይገባል፤ ብንዘጋ የመጋቢት ሙቀት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ስለዚህ ኤሲ ገዛሁና በመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋው ግርጌ ከፍ አድርጌ አስገጠምሁ። የገጠመው ባለሙያ ማብራትና ማጥፋቱን አሳየኝና ሌላ ቦታ ተጠርቶ በችኮላ ሄደ።

አባቴ ኤሲውን መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር ያዩት።

"ይኼ ነገር ነፋሱን ከየት ነው የሚያመጣው?"

"ከውጭ ነው አባዬ፤ በቱቦው ነው" አልኋቸው። አጣርቼ አልነበረም። ቱቦው ግድግዳውን በስቶ ሲወጣ አይቻለሁና መሰለኝ።

"እንግዲህ ጣናን በቱቦ አመጣህልኝ በለኛ!" አሉ፤ ሣቁና ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

እናቴ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ኪሮሽ ትሠራ ነበር። መልሴን ሰምታለች።

አባቴ ያን ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሆሣዕና በደረሰ ጊዜ በቤተ ክርስቲያናቸው ቆመው አንዲት ዜማ መምራት። ካህናቱ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳሉ ነው የለመኑት። "ሌላውን እናንተ አድርሱት፤ መነሻዋን ለእኔ ተዉልኝ" አሉ። ካህናቱም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ይለማመዱ ነበር። ዜማውን ያውቁታል፤ ይለማመዱ የነበሩት ትንፋሹን ነው። "ሆሣዕና" ብለው ይጀምራሉ፤ ድምፁን እያነሡ እየጣሉ፣ እያጠፉ እየዘረጉ ይሄዱና "በአርያም" ላይ ያሳርፉታል። ባንድ ትንፋሽ ከደረሱ ቀኑ ደኅና ነው። ትንፋሹ መንገድ ላይ ከተሰበረ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ወደ ሥራ ለመሄድ ስለባብስ እሰማቸዋለሁ። ጫማዬን የማሥረው ዜማው ካረፈ በኋላ ነበር።

ኤሲው በተገጠመ ሰሞን "በአርያም" ላይ መድረስ ጀመሩ።

እናቴ ቆላ ድባ፣ ከእህል ገበያው አጠገብ ያደገች ሴት ናት። ጤፍና ሽንብራ ሲራገፍ የሚነሣውን ብናኝ ታውቀዋለች፤ ለአቧራ የምታውቀው መድኃኒትም መሸፈን ነው። በእርሷ ቤት የተከበረ ነገር ራቁቱን አይቀመጥም። የአባቴ ድጓ በማኅደሩ ነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሬዲዮው፣ ሁሉም በእጇ የተሠራ ልብስ አላቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኤሲውም ለብሶ አገኘሁት። ነጭ ዳንቴል ነው፤ ዳር ዳሩን የወይን ዘለላ ሠርታበታለች። አናቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ በፊት ለፊት እስከ ግማሹ ወርዷል።

"አፉን ትቼለታለሁ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። "ነፋሱ ከውጭ እስከመጣ አናቱ ምን ይሠራለታል? አቧራ ከመሸከም በቀር።"

አባቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ "ሻሽ አሠረችለት፤ አሁን የቀረው ጉትቻ ነው" አሉ።

"ኧረ ዝም ይበሉ መሪጌታ! ራቁቱን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ልየው?"

ዳንቴሉን በሐኪም ቤት ወንበር ላይ ስትሠራው አይቻታለሁ። አባቴ ኦክስጅን ሲሰጣቸው፣ ለምርመራ ሲገቡ፣ ውጤት ስንጠብቅ እጇ አያርፍም ነበር። ለምን እንደማታርፍ ስጠይቃት፣ "ሥራ ካላስያዝሁት ይንቀጠቀጥብኛል" ብላኝ ነበር። ቆንጆ ሥራ ነው አልኋትና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባንድ ቀን የሆነ አይደለም። የኤሲው ድምፅ ተለወጠ፤ በቀጭኑ ያፏጭ ጀመር። ቅዝቃዜው ከአልጋው መድረሱን ተወ። ክፍሉ እርጥብ ጆንያ ይሸት ጀመር። ከዚያም ውኃ ያንጠባጥብ ጀመረ፤ እናቴ ከሥሩ ሳፋ አኖረች። አባቴ ጠብታውን እያዳመጡ፣ "እኔና እሱ አንድ ደዌ ያዘን፤ እሱም እንደ እኔ ያፏጫል" ይሉ ነበር። ሳላቸው በረታ። ጠዋት ጠዋት "ሆሣዕና" ይሉና "በአር" ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን ጨርሶ አልጀመሩም። እናቴ ከክፍሉ ወጥታ በር ላይ አገኘችኝና፣ "ለሆሣዕና ከዚህ አልጋ ላይ የሚነሡ አይመስለኝም" አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። አባቴ እንደሚሰሟት ታውቃለች።

የዚያን ቀን ከቢሮ ለባለሙያው ደወልሁለት። የሚያፏጭ፣ የማያቀዘቅዝና የሚያንጠባጥብ መሆኑን በቅደም ተከተል ነገርሁት።

"ማጣሪያውን መቼ አጠባችሁት?" አለኝ።

"የትኛውን ማጣሪያ?"

"ከገጠምሁት ወዲህ ክዳኑ አልተከፈተም ማለት ነው? በል እሺ፤ በላዩ ላይ ያስቀመጣችሁት ነገር አለ?"

"ዳንቴል አለ።"

"እናንተም ቤት!" ብሎ ሣቀ።

ከዚያ ሣቁን ትቶ አስረዳኝ። ኤሲ ከውጭ አየር አያመጣም። በግድግዳው የሚወጣው ቱቦ የሚያመላልሰው ሙቀቱን የሚያወጣውን ጋዝ ነው። አየሩ የዚያው የክፍሉ አየር ነው፤ በአናቱ ይሳባል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ቀዝቅዞ በአፉ ይመለሳል። አናቱ ከተሸፈነና ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ የሚያንጠባጥበው በረዶው ሲቀልጥ ነው። እርጥበቱ ሲቆይ ይሻግታል። አቧራ በሚበዛበት ቤት ማጣሪያው በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። ያለውን ሁሉ ጻፍሁ። ከዚያ አንዱን ነገር ደግሜ ጠየቅሁት፤ አየሩ በርግጥ የሚሳበው በአናቱ ነው? በርግጥ ነው አለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ከአልጋው አጠገብ ነበረች።

"እማዬ፣ ዳንቴሉ መነሣት አለበት።"

"ለምን ሲባል?"

"ኤሲው አየር የሚስበው በአናቱ ነው።"

"ከውጭ ነው፣ በቱቦው ነው ያልኸው አንተ አይደለህም?"

"ተሳስቼ ነው።"

"አሁንስ አለመሳሳትህን በምን ልወቅ?"

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። በሥራዬ ላይ ማንም ቢጠይቀኝ የማልቀየመው ጥያቄ ነው። በርጩማ ላይ ወጣሁና የዳንቴሉን ጫፍ ገለጥ አደረግሁ። ሶፍት ቀድጄ፣ አንዱን ቁራጭ አፉ ጋ ያዝሁት፤ ወደ ውጭ ተንሳፈፈ፣ በጣም በዝግታ ቢሆንም። ሌላውን ቁራጭ አናቱ ላይ ያዝሁት፤ ወደ ታች ተሳበና ተጣበቀ። ለቀቅሁት። አልወደቀም።

እናቴ ተነሥታ ቀረብ ብላ አየችው። "ድገመው" አለች። ደገምሁት።

"እመቤት፣ ምስክሩ ተሰምቷል" አሉ አባቴ። ቃላቸውን የሚያወጡት እየቆራረጡ ነበር። "ሻሹን... አውርጅለት።"

እርሷ አላወረደችውም። እኔ አወረድሁትና አጣጥፌ እጇ ላይ አኖርሁት። ኤሲውን አጠፋሁ፤ ክዳኑን ሽቅብ ከፈትሁ። ከውስጡ ሁለት መረብ መሳይ ማጣሪያዎች አሉ። ስስባቸው መረቡ አይታይም። ቀይና ግራጫ የሆነ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። የመንገዱ አፈር ነው፤ በበሩ ሥር፣ በልብሳችን፣ በጫማችን የገባ።

እናቴ አንዱን ከእጄ ተቀብላ በጣቷ ነካችው።

"ሲተነፍሱት የነበረው ይኼንን ነው?"

"አይደለም። ይህ እንዳይተነፍሱት የያዘላቸው ነው። ያጡት አየሩን ነው።"

ይህን ያልኋት ላጽናናት ብዬ አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ያመነችኝም ለዚያ ይመስለኛል። ዳንቴሉን ትራሱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ማጣሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችና ባንድ ዓይኗ አየችበት።

"ወንፊት ነው" አለች። "ዓይኑ የተደፈነ ወንፊት ዱቄት አያወርድም። ይህን ይህን እኔ አላውቅም ኖሯል? ወንፊት መሆኑን ማን ነገረኝ!"

ሳፋውን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውኃው እንደ ክረምት ጎርፍ ቀልቶ ወረደ። ደጋግማ አጠበችው። ባለሙያው ፀሐይ ያጣምመዋል ብሎኝ ስለነበር በጥላ አደረቅነው። ውስጡን ባለሙያው በማግስቱ መጥቶ አጸዳው፤ ሽታው ለቀቀ። ኤሲው ሲበራ አላፏጨም። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነፋሱን ፊታቸው ላይ ተቀበሉና፣ "ጣና ተመለሰ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የማጣሪያ ቀን ሆነ። እኔ አወርዳለሁ፤ እናቴ ታጥባለች። መብራት ጠፍቶ ኤሲው ሳይሠራ በዋለባቸው ሳምንታት እንኳ አላስቀረችውም። "ባይሠራስ? አቧራው መብራት ይጠብቃል እንዴ?" ትል ነበር።

አባቴ ዜማውን እንደገና ጀመሩ። መጀመሪያ "በአር" ላይ፤ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብለው። በሆሣዕና ሰሞን አንድ ጠዋት "በአርያም" ላይ ሲያርፉ ሰማሁ። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ መተላለፊያው ላይ ቆማ ነበር። አላየችኝም።

በሆሣዕና ዕለት ጠዋት በባጃጅ ወሰድናቸው። መንገዱ ላይ ሕፃናቱ ሁሉ ዘንባባውን ቀለበት አድርገው በግንባራቸውና በጣታቸው አሥረዋል። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ካህናቱ ወንበር አዘጋጅተውላቸው ነበርና ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርሁ፤ አልያዝኋቸውም። "ሆሣዕና" አሉ። ድምፃቸው የድሮው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉም ሰማው። መካከል ላይ ትንፋሹ ተሰበረ። ካህናቱ ሊቀበሏቸው አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን አነሡ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ሁሉም ጠበቃቸው። አየር ሳቡና ከተቋረጠበት አንሥተው "በአርያም" ላይ አደረሱት። ባንድ ትንፋሽ አልነበረም፤ በሁለት ነበር። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ "ሁለተኛዋ የእናትህ ናት" አሉኝ። እናቴ ወደ ሐይቁ ፊቷን አዞረች።

በክረምቱ አረፉ። ዝናቡ አቧራውን ካጠፋው፣ ኤሲውም ሳይበራ ከከረመ ቆይቶ ነበር። ማጣሪያው ዕድሜ ቀጠለላቸው ብዬ አልጽፍም። ሐኪሙን ጠይቄው፣ "እንደዚያ ብዬ ልፈርምልህ አልችልም" ብሎኛል። እኔ የምመሰክረው የሰማሁትን ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ሳለ ዜማው የት ላይ ይቆም እንደነበርና ከታጠበ በኋላ የት እንዳረፈ።

ከአርባቸው በኋላ፣ ዘመድ ሁሉ ከሄደ፣ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሳፋውን ይዛ ጠበቀችኝ። ማጣሪያዎቹን አወረድሁላት። ያለወትሮው ንጹሕ ነበሩ፤ ቢሆንም አጠበቻቸው። እስኪደርቁ በረንዳው ላይ አብረን ተቀመጥን። መንገዱ ተነጥፎ አልቋል፤ ሰዎች በድንጋዩ ላይ ያልፋሉ። መልሼ ከገጠምኋቸው በኋላ ሶኬቱን እንድነቅል ነገረችኝ። ነቀልሁት።

"አሁንስ መሸፈን ይችላል?" አለችኝ።

"የማይሠራ ከሆነ ይችላል።"

"አይሠራም" አለች።

ዳንቴሉን ከሣጥኗ አወጣች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። በርጩማ ላይ ወጣሁና አለበስሁት። ከታች ሆና አንጋጣ አየችው።

"ግራው ዝቅ ብሏል" አለች።

አስተካከልሁት።