የደፈንኩት ጉድጓድ

በ1957 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰሞኑን ደባርቅ፣ ልጄ ቤት ሳሎን ተቀምጬ ሳለ ከሶፋው ኋላ አንድ ሽታ ብድግ ብሎ መጣና ያ ዓመት እንዳለ ፊቴ ቆመ። የድመት ሽንት ነው። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ መስኮት ቢከፍቱለት አይወጣም፣ በሳሙና ቢያጥቡት ከሳሙናው ጋር ተዋዶ ይቀመጣል። ምራቴ አፍንጫዋን ይዛ ስትነጫነጭ እኔ ፈገግ ብል፣ «አባባን ደግሞ ያስቃቸዋል!» አለች። ሌላው ሰው ልጅነቱን በአበባና በማር ሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ የኔ የመጣው በዚህ ነውና በዚሁ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት በጋ ብቻ ስለሆነ ቃሉ ቢጣመም አንባቢ አቅንቶ ያንብበኝ።

መንደራችን ከደባርቅ ወደ አምባራስ ሲወጡ ገደሉ አፍ ላይ ነበረች። አባቴ ገብስ አራሽ፣ እጁ የማያርፍ፣ አንዴ ያለውን የማይመልስ ሰው ነበር። እኔም ግትር ነው ይሉኛል፤ ከየት እንዳመጣሁት እነሱው ይንገሩኝ።

ድመቷን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአባቴ ጋር ጊች ወደምትኖረው አክስቴ ሄደን ስንመለስ፣ አክስቴ «አይጥ ፈጀን ትላላችሁ አሉ፤ እንካ!» ብላ አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ግልገል ጉያዬ ውስጥ ሸጎጠችልኝ። ዝናቡ ከላይ እየወረደብኝ፣ እሷ ከውስጥ እየቧጠጠችኝ ሙሉ ቀን ተጉዤ ቤት ስደርስ ደረቴ ሁሉ ተሰነታትሮ ነበር። መልኳ ዳማ፣ አራቱም እግሮቿ ነጭ ስለነበሩ ዳማ አልናት። የዚያን ክረምት ከጎታው ሥር አድፍጣ አይጡን እየለቀመች፣ ሲመሽ እግሬ ሥር ገብታ እየተጠቀለለች አደገች። ያገራችንን ብርድ ለማያውቅ ሰው የድመት ሙቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም።

ሥርዓቷ ደግሞ ልዩ ነበር። ከቤታችን ኋላ፣ የክዳኑ ሣር ከሚያጠላበት ሥር፣ እናቴ የምድጃውን አመድ የምትደፋበት ጉድጓድ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት ዳማ ከሁላችንም ቀድማ ትወጣ፣ ግድግዳውን ታክካ ትዞር፣ አመዱን ጫር ጫር አድርጋ ትቀመጥ፣ ስታበቃም በደንብ ቀብራ፣ አሽትታ፣ እንደገና ቀብራ ትመለስ ነበር። ዝናብ ቢወርድ፣ ጉም መንደሩን ቢውጠው፣ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሸንታ አታውቅም። አባቴ እኔን ከአጥሩ ሥር ቆሜ ስሸና ባየኝ ቁጥር፣ «ከዳማ ተማር፤ እሷ እንኳ ትቀብራለች» ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምት አልፎ፣ ገብሱ ቢጫ ሲሆን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ይሰለፉ ጀመር። የድሮው አውድማችን በገደሉ በኩል ስለነበር ባለፈው ዓመት ከክምሩ ላይ እየዘገኑ ሲበሉ አባቴ በንዴት ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ ነበር። ስለዚህ በኅዳር፣ «ዘንድሮ ጭላዳ ከእኔ ገብስ ቢቀምስ አባቴ አልወለደኝም!» ብሎ አውድማውን ከቤታችን ኋላ፣ ግድግዳችን ሥር ሊያደርገው ቆረጠ። አፈሩን ደለደልን፣ ውሃ አጠጣን፣ በሬዎቹን እያዞርን አስረገጥን፣ ከዚያም እበት በጭቃ ለውሰን ለቀለቅነው።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ የአመዱን ጉድጓድ መድፈን ነበር። እንዴት ያለ ደስታ! ድንጋይ እየተሸከምኩ ጨመርኩ፣ አፈር ሞላሁበት፣ ላዩ ላይ ወጥቼ እስኪደክመኝ ጨፈርኩበት፣ በመጨረሻም እበቱን በመዳፌ እያለሰለስኩ ለቀለቅሁት። አባቴ በተረከዙ ረግጦ ሞከረውና «ጎሽ! ይሄ የወንድ ሥራ ነው» አለኝ። አባቴ እንዲህ ያለኝ በዕድሜዬ ሦስቴ ቢሆን ነው። ፀሐዩና ውርጩ ሲፈራረቁበት አውድማው እንደ ሸክላ ጠነከረ። ክምሩ ሲከመር ደግሞ ጭላዳውን የሚያባርር አንድ ቁጡ ውሻ ከጎረቤት ተዋስን፤ አባቴ እዚያው ጥግ ላይ በገመድ አሰረው። እናቴም አመዷን ከአጥር ውጭ ወዳለው የነጭ ሽንኩርት መደብ ትወስድ ጀመር።

ሳምንት አልሞላም፣ ቤቱ ሸተተ።

መጀመሪያ ከምንተኛበት መደብ ሥር ተገኘ፤ እናቴ ጠርጋ አፈር ለወጠችበት። ቀጥሎ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚለብሰው ጋቢ ላይ ሆነ። አባቴ ጋቢውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቂም ነው። ያን ዕለት ወተት ስትልስ በጭራው ስለነካኋት ነው። እዩልኝ፣ መርጣ የኔን ጋቢ!» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ እሳት ልትጫር መጥታ ይህን ስትሰማ፣ ሻሿን እያጠበቀች፣ «የምን ቂም? ዓይን ነው እንጂ! እንዴት ታምራለች ያለ ሰው አይጠፋም። ክታብ እሰሩላት» አለች።

«ለድመት ክታብ? እኔ እንኳ የለኝም» አላት አባቴ።

«አንተንማ ማን ዓይን ይጥልብሃል!» ብላው እሳቷን ይዛ ወጣች። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያው ሰንበት የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩን መጡ። አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «አባ፣ ይችንም ርጩልኝ፤ የያዛት ነገር አለ» አላቸው። እሳቸውም ዳማን ትክ ብለው አይተው፣ መቼም የሰው ልብ ላለመስበር ይመስለኛል፣ ጥቂት ጣል አደረጉባት። ዳማ በአንድ ዝላይ ጎታው ላይ፣ ከጎታው ወደ ጣራው ማገር ወጣች፤ የወጣችበት ጥላሸትም በቄሱ ነጭ ጥምጥም ላይ ረገፈ። እሳቸው ጥምጥማቸውን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ የያዛት ነገር ቢኖር እንዲህ ባልዘለለች። ከእኔና ከአንተ ይልቅ ጤነኛ ናት» አሉ።

ታኅሣሥ ገባ። የእኛ ቤት ዝክር የታኅሣሥ ገብርኤል ነው፤ ሰው ከደባርቅም ከዳባትም ይመጣል፣ ጠላ ከሌለ ደግሞ ዝክሩ ዝክር አይባልም። እናቴ ገብስ ዘፍዝፋ፣ ጥጉ ላይ በቅጠል ሸፍና ብቅል አስተኝታ ነበር። በአራተኛው ቀን ቅጠሉን ገለጥ ብታደርገው ብቅሉ መሐል ለመሐል ተጭሯል፣ ተቆፍሯል፣ በሥርዓቱም ተቀብሯል። እናቴ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለገብርኤል ባዶ እጄን ልቆም ነው?»

አባቴ ተነሥቶ አቁማዳውን ከዕቃው መሐል አወጣና በሩ አጠገብ ካለው ችካል ላይ ሰቀለው። «ከነገ ወዲያ ገብስ ጭኜ ወደ ዛሪማ እወርዳለሁ። እሷንም እዚያው ገበያ እለቃታለሁ። ሊማሊሞን ወርዶ የተመለሰ ድመት አላውቅም» አለ። ያለውን እንደማይመልስ ስለማውቅ ሄጄ ተኛሁ። ዳማ እንደ ልማዷ እግሬ ሥር መጥታ ተጠቀለለች። እኔ ዛሪማን አላውቀውም፤ የማውቀው ቆላ መሆኑን ብቻ ነው፣ ቆላ ውስጥ ደግሞ የማንንም እግር ማሞቅ አያስፈልጋትም። ይህን እያሰብኩ እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ተከተልኳት። ቂሟን በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው መሰለኝ። ዳማ እንደ ድሮው ከሁሉም ቀድማ ወጣች፣ እንደ ድሮው ግድግዳውን ታክካ ዞረች፣ ከክዳኑ ሣር ሥር ስትደርስ ቆመች። አሸተተች። ጫረች። ጥፍሯ እበቱ ላይ ጭር፣ ጭር ሲል ይሰማኛል፤ አንዲት ብናኝ እንኳ አልተነሣም። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ደግሞ ጫረች። ይሄኔ ውሻው ገመዱን ወጥሮ ዘለለባት። ጆሮዋን አጥፋ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ በእግሬ መሐል አልፋ ወደ ቤት ሮጠች፤ በቀጥታም ወደ ጎታው ጥግ፣ አፈሩ ልል ወደሆነበት። 

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጫረችበትን ቦታ አወቅሁት። የመዳፌ ምልክት እንኳ ከዳር በኩል ይታይ ነበር።

አባቴ ረፋዱ ላይ በሬዎቹን ከአውድማው አውጥቶ ቆሎ ሲቆረጥም ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። «አባዬ፣ ዳማ ቂም የላትም። ጉድጓዷን ደፍነንባት ነው» አልኩት።

«የምን ጉድጓድ?»

«የአመዱን። ይሄው፣ ከአውድማው ሥር ነው።»

አባቴ ሳቀ። «እና ምን ላድርግ? አውድማዬን አፍርሼ ለድመት ሽንት ቤት ልሥራ? አገር ይሳቅብኝ?»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ «ያዘዝከው አንተ፣ የደፈንኩት እኔ፤ የምትጣለው እሷ! እንግዲያው እኔንም በአቁማዳ ክተተኝ!» አልኩት። ጅራፉን አነሣ። አልሸሸሁም። ጅራፉ እንደተነሣ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ፣ አባቴም ቆሎውን እንዳለ ትቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

በማግስቱ ስነቃ እግሬ ቀዝቅዟል። ዳማ የለችም። ቀና ብዬ ችካሉን አየሁ፤ አቁማዳውም የለም። ሳልለብስ እያለቀስኩ ወጣሁ፣ አህዮቹ ተጭነው በር ላይ ቆመዋል፣ አባቴ ግን አጠገባቸው የለም። ከቤቱ ኋላ ዶማ ሲያርፍ ሰማሁ። ዞሬ ብሄድ አባቴ የአውድማውን ጥግ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ሰብሮ፣ ድንጋዬን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ዳማን ሊከትበት የሰቀለውን አቁማዳ እየዘቀዘቀ አመድ ይደፋበታል። የውሻውም ገመድ ወደዚያኛው ጫፍ ዞሯል። ዳማ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ሥራውን ትቆጣጠራለች።

አባቴ ሲያየኝ ተቆጣ። «ምን ታፈጣለህ? ጥጉ ተሰንጥቆ ነበር። እህል ይገባበታል።»

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ነበር። «አዎ፣ ተሰንጥቆ ነበር» አለች በነጠላዋ አፏን ሸፍና። አባቴ አመዱን ከአቁማዳው አራግፎ፣ አህዮቹን ነድቶ ብቻውን ወደ ዛሪማ ወረደ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን አልሸተተም። እናቴ ሁለተኛ የዘፈዘፈችው ብቅል በቀለ፣ ጠላው ትንሽ ቢቀጥንም ለገብርኤል ደረሰ። ከዝክሩ እንግዶች አንዱ የአውድማውን ጥግ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው አባቴ ዓይኑን ሳያሽ፣ «የውሃ መፍሰሻ ነው» አለው። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ሳለ! በዓመቱ አዲስ አውድማ ስንለቀልቅ ግን ያንን ጥግ እሱ ራሱ ዘሎ አለፈው፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ እኛ ቤት እንዲህ ነበር የምንዋደደው።

እንግዲህ ያ ሽታ ነው ደባርቅ ድረስ ተከትሎኝ የመጣው። የልጄ ድመት ሚሚ ትባላለች። ልጄ «ጠግባ ነው፤ ነገ በባጃጅ ወስጄ ገበያው ዳር እለቃታለሁ» ይላል፤ ምራቴ «አርጅታ ነው» ትላለች፤ የልጅ ልጄ ስልኳን እየነካካች «ስትረስ፣ ጭንቀት ነው የሚለው፣ አባባ» ትለኛለች። «ግቢው ሲሚንቶ የሆነው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሦስት ሳምንቱ፤ ምነው?» አለኝ ልጄ። «እንዲያው ነው» አልኩት።

ያኔ ቤታችን የጭስና የጭቃ ነበር፣ ዛሬ የልጄ ቤት መብራት አለው፣ ውሃው እጓዳ ድረስ ይመጣል፤ ይመስገን፣ እኔም በሙቅ አልጋ ነው የምተኛው። ያኔ የምንወቃበትን መሬት በእበት እናጠነክር ነበር፣ ዛሬ በሲሚንቶ ያጠነክሩታል፤ ከሥር ማን ምን እንደነበረው የሚጠይቅ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። አባቴ ግን አንድ ጠዋት ጠይቋል። ከዚህ በላይ የሚያኮራኝ ነገር ትቶልኝ አልሞተም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ፣ ከጎረቤት ዲጅኖ ተዋስኩና ግቢው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ክንድ ተኩል ያህል ሲሚንቶ ፈነቀልኩ። ልጄ በፒጃማው ሮጦ ወጥቶ፣ «አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ተሰንጥቆ ነበር» አልኩት፣ አፈሩን በእጄ እያላላሁ። ሚሚ ከኋላው ብቅ ብላ ታሸትት ጀመር።