ለመምህር አስናቀ፦ መስኮቱ ሥር ስለሚተኙት አራሶች

መምህር አስናቀ ማረፋቸውን የሰማነው ሐሙስ ጠዋት ከደባርቅ በተደወለ ስልክ ነው። ዳባትና ደባርቅ ላይ ያስተማሯችሁ፣ ቤት ያቀኑላችሁ ሁሉ መርዶው ደርሷችኋል። እኔ የምጽፈው በደጋው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ ነው። ፈሪም ነኝ፤ ይህን እሳቸውም ያውቁ ነበር።

እኛ ዘንድ የአራስ ጠላት ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ነጠላው የመስኮት መስተዋት ሙቀቱን ሁሉ እየሰደደ ሲያስቸግረን ክፍሉን ዘግተን ከሰል እናነድ ነበር፤ ከሰሉ ደግሞ ራሱ ይገድላል። ብከፍት ብርዱን እፈራለሁ፣ ብዘጋ ከሰሉን።

መምህር በኮሌጁ የግንባታ ሙያ ያስተምሩ ነበር። ችግራችንን ሲሰሙ ድርብ መስተዋት ደባርቅ ላይ ሠርተው፣ መካከሉን አርጎን በሚባል ጋዝ ሞልተውና አሽገው በበቅሎ ላኩልን። ስንፈታው መስተዋቱ እንደ ተነፋ ሆድ አብጧል። አንዱማ ፊታችን ላይ ተሰነጠቀ! እኔ ጮኼ ወጣሁ። እሳቸው ሲደርሱ ራሳቸውን ያዙ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ እታች የታሸገው ወደ ውጭ ይገፋል» አሉ። በሌላ ጊዜ የጋዙን ሲሊንደር ራሱን አስጭነው መጥተው እኛው ግቢ ሞሉት።

ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ባለው በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ አየሩን በላይኛው ያስወጣዋል። እላይኛው ላይ የተለኮሰ ክብሪት ያዙ፤ ጭል ጭል አለና ጠፋ። «ሞላ» አሉ። ልቤ ድንግጥ አለ።

«እንዴ መምህር! እሳት የሚያጠፋ ነገር ነው አራስ ራስጌ የሚያደርጉት?»

«ሲስተርዬ፣ አሁንም እየተነፈስሽው ነው እኮ፤ አየሩ ውስጥ አለ። ይህችን ታክል ብትሾልክ ማንንም አትነካም። አርጎን ሰነፍ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ድረስ መሄድ አይወድም። ያንቺን ፍርሃት ብንሞላው ግን ጭራሽ ብርድ ዝር አይልም ነበር!»

አላመንኋቸውም። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። እኛ ቀበሌ የተዳረችው ልጃቸው ልትወልድ ስትቃረብ ዘመዱ ሁሉ ደባርቅ ትውረድ ሲል፣ «ሲስተር ዘንድ ትወልዳለች» ብለው ቆረጡ። በውርጩ ሳምንት በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑን መስኮቱ ሥር አስተኛነው። ከሰል አልነደደም፤ ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻ በርታለች። እጄን መስተዋቱ ላይ፣ ከዚያ ሕፃኑ እግር ላይ ሳመላልስ ቆየሁ። እግሩ አልቀዘቀዘም።

ረፋዱ ላይ መምህር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሳይገቡ «እግሩ ሞቋል?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ለካ እሳቸውም ፈርተው ኖሯል! «የገዛ ልጄን እኮ ነው ያስተኛሁት» አሉኝ፤ አለቀሱም።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር እየመጡ ጠርዙን ይፈትሹ ነበር። «ጋዙ ብቻውን ምንም አይደለም። ማሸጊያው ካረጀ ቀስ ብሎ ሾልኮ ይሄዳል፤ በምትኩ እርጥበት ነው የሚገባው» ይሉን ነበር።

መምህር፣ ከቀብርዎ ተመልሼ ክፍሉ ስገባ በምሥራቁ መስኮት፣ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ጤዛ አየሁ። በእጄ ጠረግሁት፤ አልጠረግ አለኝ፣ ውስጥ ነው። ስልኬን አንሥቼ የእርስዎን ቁጥር ደወልሁ። ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

አፈሩ ይቅለልዎ፣ መምህር። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ ኅዳር ገብቷል፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው እየመጡ ነው።