ከቢዘን ተራራ የታየው ባሕር

ባለፈው ቅዳሜ፣ በውጭ አገር በምኖርበት ከተማ፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር አውቶቡስ ልቀይር ወርጄ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች ከሚነግዱበት አንድ ሱቅ ደጃፍ የበለስ ፍሬ በካርቶን ተደርድሮ አየሁ። ባለሱቋ እጇን እያወዛወዘች እሾህ እንዳለው ልታስጠነቅቀኝ ብትሞክርም፣ እኔ ስለ በለስ ከማንም ምክር አልሻም የሚል የድሮ ትዕቢት ተነሣብኝና በባዶ እጄ ጨበጥኩት። የበለስ እሾህ ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን አይስተውም። ስትሪትሃም ቤቴ እስክደርስ ድረስ ጣቶቼን ስፈትግ፣ ሐሳቤ ነፋሲት ገብቶ ነበር።

ነፋሲት ከአስመራ ወደ ምጽዋ በሚወርደው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከራስጌዋ የደብረ ቢዘን ገዳም ያለበት ተራራ ቆሟል። እዚያ ስንሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ የስልክ ሠራተኛ ነበሩና ከጎጃም ተነሥተን አስመራ ከገባን ሁለት ዓመታችን ነበር። በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ኃይሉ ክፉኛ ታሞ ሲድን፣ አባባ ይዘውት ቢዘን ሊወጡ ተስለው ነበርና ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሊቶሪና በምትባለዋ ባቡር ተሳፍረን፣ ዋሻ በገባች ቁጥር እኔና ኃይሉ እየጮኽን፣ እማዬ እየተቆጣችን ቁልቁል ወረድን።

ለእኔ የጉዞው ቁም ነገር ባሕሩ ነበር። ከቢዘን አናት ላይ ቀይ ባሕር ይታያል ሲባል ሰምቼ ለክፍል ጓደኞቼ አስቀድሜ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ሴት ወደ ገዳሙ እንደማትወጣ የሰማሁት ግን ነፋሲት ከደረስን በኋላ ነው። እንስት የተባለች ሁሉ፣ በቅሎዋም ዶሮዋም፣ ከግርጌ ትቀራለች። እማዬ ሥርዓት አክባሪ ብትሆንም ምላሷ አያርፍም ነበርና፣ «ዝንቧንስ ማን መርምሮ ነው የሚያሳልፋት?» ብላ አባባን እንኳ አሳቀቻቸው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባባ ጎንበስ ብለው፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ አይተው እንደሚነግሩኝ ቃል ገቡልኝና ከኃይሉ ጋር ጧፋቸውን ይዘው ወጡ።

እኛ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ዛፍ ሥር ዋልን። አንዲት የነፋሲት ሴት በለስ እየላጠች ስታጎርሰን እኔ ሳልታዘዝ በእጄ አንሥቼ ተወጋሁ፤ እማዬም ሴትዮዋ እንደነገረቻት ጣቶቼን ከራሷ ሹሩባ ውስጥ ከታ እያሸች እሾሁን አወጣችልኝ። የፀጉሯ ቅቤ ሽታ ከበለሱ ጣፋጭ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ተራራው ከወገቡ በላይ ጉም ለብሷል። እማዬ በየጊዜው «ተነሺ፣ እጅሽን አውለብልቢ፣ ያዩን ይሆናል» ትለኛለች፤ እኔም ለጉሙ እጄን እያውለበለብኩ እዘላለሁ።

ወሬው የተጀመረው ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ነው። ባሕሩ፣ አለ ኃይሉ፣ እንደ እማዬ ሰማያዊ የብረት ሳህን ነው፣ ጠርዙ ነጭ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሦስት መርከቦች አሉ። አባባ አራት ናቸው፣ አራተኛዋን ደሴቲቱ ጋርዳብህ ነው ብለው አረሙት። ኃይሉ ሦስት ናቸው ብሎ ድርቅ አለና አስመራ እስክንገባ ተከራከሩ። አባባ በሚመጣው ዓመት ምጽዋ ወርደን እግሬን እንደምነክርበት ነገሩኝ። በሚመጣው ዓመት ግን በሥራ ምክንያት ከአስመራ ተዛወሩ፤ ቀጥሎም መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። እኔ የተነገረኝን ባሕር ይዤ ኖርኩ። እዚህ አገር መጥቼ ብራይተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ያንን ግራጫ ውኃ ሲያሳዩኝ፣ ይሄ ደግሞ ምን ባሕር ነው ብዬ ናቅሁት።

አባባና እማዬ አዲስ አበባ ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀረኝ እዚሁ ከተማ ባተርሲ ሰፈር የሚኖረው ኃይሉ ብቻ ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት ሳንባው ሲታመም በየእሑዱ ሾርባ ይዤለት እሄድ ነበር። አንድ እሑድ ልትረዳው ለምትመጣው ነርስ የቢዘንን ባሕር፣ የመርከቦቹን ክርክር ሳይቀር፣ እያሳሳቅሁ አወራሁላት። ስትወጣ ኃይሉ ጠራኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ባሕሩን አላየነውም። ጉም ነበር።»

አባባ ይገለጥ ይሆናል ብለው ብዙ ጠብቀዋል። እንቢ ሲላቸው፣ ልጅቷ ጋ ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ባሕሩን ሁለቱ ተማክረው ሠሩት። የተስማሙት በሦስት መርከብ ነበር፤ አራተኛዋን አባባ በድንገት ባቡሩ ላይ የጨመሯት እኔ የበለጠ እንዳምን ነው። «እኔ እኮ የምሬን ነው የተከራከርኳቸው፤ ሦስት ተባብለናል» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስልሳ ዓመት ባለፈው ሰው የማያምር ኩርፊያ ይዞኝ ያለፈውን እሑድ ሳህኔን ሰበሰብኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ «አንድ ነገር ግን አይተናል» አለኝ። «በነፋሲት በኩል ጉሙ ለትንሽ ጊዜ ተከፈተ። ከዛፉ ሥር ነጫጭ ነጥቦች አየን፤ አንዷ ትንሽ ነጥብ ትዘላለች። አባባ ‹ያቻት፣ አርፋ አትቀመጥም› አሉና፣ ጉሙ መልሶ እስኪሸፍንሽ ከዚያ አልተነቃነቁም።»

«ሾርባው ሳይበርድ ጠጣው» ብዬው ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዐረፈ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ለእሑድ ብዬ አቆይቼው ነው።

ቅዳሜ ማታ ጣቶቼን ከገዛ ፀጉሬ ውስጥ ከትቼ አሸሁ። ፀጉሬ ሳስቷል መሰለኝ እሾሁ አልወጣም። ለባሕሩ አላዝንም፤ ያላዩትን ለእኔ ብለው ሠርተውልኛል፣ አሁንም ሰማያዊ ነው፣ መርከቦቹም አራት ናቸው። የጎደለኝ ተራራ ላይ ቆሞ «ያቻት» የሚለኝ ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት ስትሪትሃም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስቆም መንገዱ ሁሉ ጉም ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄን ከፍ አድርጌ ትንሽ አውለበለብኩ። አንድ አውቶቡስ ከጉሙ ወጥቶ ቆመና ነጂው በሩን ከፈተልኝ። የምጠብቀው እሱን አልነበረም፤ ወደ ባተርሲ የሚሄደው ነው፣ እዚያም አሁን ማንም የለኝም። ለእኔ ብሎ መቆሙን አይቼ ገባሁ።